በበሬ የተገዛ ኮምፒውተር

ልጄ ኮምፒውተር ያስፈልገኛል ባለችበት ዓመት በቤታችን የነበረው ማሽን አንድ ሬዲዮ ብቻ ነው። የገዛው አባቷ ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ ድንጋዩን እየቀየርኩ ስብከት እሰማበት ነበር። ስለ ኮምፒውተር የማውቀው በትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ክፍል ውስጥ በጨርቅ የተሸፈነ አንድ መኖሩን ነው። ጨርቁ የሚነሣው ወረዳ ሪፖርት ሲጠይቅ ነበር።

ሶዶ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ። ልጄ ደግሞ ርቆ ባለ ከተማ ምሕንድስና ትማራለች፤ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። በመንፈቅ ዓመቱ እረፍት መጥታ የተቀቀለ ጎደሬ እየላጠች ነገረችኝ።

«እማዬ፣ የመመረቂያ ሥራዬ የሕንፃ ንድፍ ነው። በእጅ የተሠራ አይቀበሉም።»

«ዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር የለውም?»

«አለው። እኛ ግን ከማሽኑ እንበዛለን። ተራ ደርሶኝ ስቀመጥ ወይ ሰዓቱ ያልቃል፣ ወይ መብራት ይሄዳል። ያለፈው መንፈቅ እንደዚያ አለቀ።»

«ባይደርስስ?»

ጎደሬውን አስቀመጠች። «ጓደኞቼ ይመረቃሉ፤ እኔ እቀራለሁ።»

ልጄ እንደ እኔ ናት፤ ነገር አትደግምም።

ሰው መጠየቅ ጀመርኩ። የሒሳብ አስተማሪው «ትንሽ ብትታገሺ ዋጋው ይወርዳል» አለኝ። የመዘምራኑ መሪ ላፕቶፕ የሰነፍ ዕቃ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ግዢ አለኝ። ልጄ መኪና እየቀያየረች ነው የምትሄደው፤ የቱ ጠረጴዛ ላይ? ርእሰ መምህሩ የአዲስ አበባውን ካልሆነ እንዳትገዢ አሉ። የአዲስ አበባው በምን እንደሚለይ ግን አልነገሩኝም። ሁሉም ያውቃል፤ የገዛ ግን አንድም የለም። ማታ ጸልዬ እተኛለሁ፣ ጠዋት ሌላ አዋቂ ይመጣል። መግዣው ከየት እንደሚገኝ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ይህን ወሬ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ሰሙ። የሚኖሩት ኪንዶ ዲዳዬ ነው፣ ከሃላሌ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ። በሰፈራቸው ለመስቀል በሬ የሚመርጡት እሳቸው ናቸው። በእኛ አገር ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚቆጥበው ለመስቀል ሥጋ ነው፤ ጎረቤት ተሰባስቦ ቅርጫ ይገባል፣ በሬው ደግሞ በአዋቂ ዓይን ይመረጣል። የእሳቸው ዓይን ስቶ አያውቅም ይባላል። ለራሳቸውም በየዓመቱ አንድ ወይፈን ገዝተው እስከ መስቀል ይቀልባሉ።

አንድ ቀን ሳልጠራቸው መጡ። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ።

«በሬውን ሸጥኩት» አሉ።

«የቱን በሬ፣ ጋሼ?»

«ስንት በሬ አለኝ? የወንድሜ ልጅ ከእኩዮቿ በታች አትሆንም።»

እግራቸው ሥር ወድቄ አለቀስኩ። ከዚያ በላይ ምን ልል እችላለሁ? ገንዘቡን ግን በእጄ አልሰጡኝም። የካፖርታቸውን የውስጥ ኪስ በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው «ነገ ሄደን እንመርጣለን» አሉ።

ሱቁ ከመናኸሪያው አጠገብ ነበር። ግድግዳው በሞባይል ሽፋን የተሞላ ነው፣ መስታወቱ ውስጥ ሦስት ላፕቶፖች ተደርድረዋል። ሻጩ ማስቲካ የሚያላምጥ ወጣት ነበር።

«ግቡ ማዘር፣ ግቡ ፋዘር። ምን ዓይነት ይፈለጋል?»

ልጄ አፏን ስትከፍት አጎቷ ቀደሙ።

«ትልቅ።»

ሻጩ ሦስቱንም አውጥቶ ደረደረ። አንደኛው ትንሽ፣ ጥቁር፣ ክዳኑ የተቧጨረ ነው። በአንድ እጃቸው አንሥተው መዘኑት። «ይሄ ከሲታ ነው» አሉ። ከፍተው ፊደሎቹን አዩ፤ ብዙዎቹ በጣት ብዛት ደብዝዘዋል። «ጥርሱም ተበልቷል። አርጅቷል።» ሁለተኛውን ብዙም አላዩትም። ሦስተኛው ሰፊ፣ ብርማ፣ ከባድ ነበር። በሁለት እጅ አንሥተው ሳቅ አሉ። ጀርባውን በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ ጎኑን በጣታቸው ቆረቆሩት፣ ከፍተው ፊደሎቹን አዩ። «ጥርሱ ሙሉ ነው» አሉ።

ልጄ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባባ፣ ትልቅነቱን ሳይሆን ውስጡን እንይ። ራሙ ስንት እንደሆነ ልጠይቀው» አለች።

«ልጄ፣ በሬ ሲገዛ ሆዱ ተቀድዶ ይታያል?»

ሻጩ ከት ብሎ ሳቀ። «ፋዘር ነቄ ናቸው!» አለ። ብርማውን ከግድግዳው ሶኬት ጋር አያይዞ አበራው። የፏፏቴ ሥዕል መጣ፤ ከዚያ ዘፈን ለቀቀ፣ ሱቁ ተናወጠ። ጋሼ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው «ድምፁንስ!» አሉ።

ልጄ ዞራ አየችኝ። የአባት ወገን ታላቅ ሲመርጥ ሴት መሐል አትገባም። በዚያ ላይ በሬው የእሳቸው ነው። «አባባ ያውቃሉ» አልኳት። ዓይኗን መለሰች።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ልማድ አለ። አዲስ ነገር ከቤት ሲገባ፣ የበቆሎ እሸትም ይሁን ጥጃ፣ መጀመሪያ ወደ ጉባኤው ፊት ይመጣል፣ ምስጋና ይቀርብበታል። እሑድ ኮምፒውተሩን ነጠላ ውስጥ ጠቅልዬ ወሰድኩ። አንዲት እናት ካመጣችው አውራ ዶሮ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ቆሜ መሰከርኩ። ጋሼም በካፖርታቸው ከጎኔ ቆሙ። ሕዝቡ እልል አለ፣ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ክዳኑ ላይ ጭነው ጸለዩ፣ ዶሮው ጮኸ። ከልቤ አመሰገንኩ። ያን ቀን ያለኝ ምስጋና ውሸት አልነበረም።

ግን ልጄ ሥራዋን ገና አልከፈተችበትም። ቅዳሜ ልትሞክር ፈልጋ ነበር፤ መብራት በፈረቃ ስለነበረ የእኛ ሰፈር ተራ አልደረሰም።

እሑድ ከሰዓት መብራቱ መጣ። ጋሼ ወደ አገራቸው ተሳፍረው ሄደዋል። ልጄ ፕሮግራሟን ከፍላሽ ጫነች፣ ንድፏን ከፈተች። ስክሪኑ ላይ አንድ ክብ ነገር መጥቶ መዞር ጀመረ። ሽንኩርት ከትፌ ጨረስኩ፤ ይዞራል። ጎረቤት ገብታ እንኳን ደስ ያላችሁ ብላን፣ ተቀምጣ፣ ሌላ ወሬ አውርታ ወጣች፤ ይዞራል። ከዚያ የግማሽ ግድግዳ መስመር ብቅ አለና ደረቀ። ልጄ ዘግታ እንደገና ከፈተችው። እንደገና ዞረ።

ቻርጀሩን እግሬ ነካው መሰለኝ፤ ከሶኬቱ ሲወጣ ኮምፒውተሩ ያኔውኑ ጨለመ። ባትሪው የሞተ ነበር።

«እማዬ፣ ፊልም ያሳያል፣ መዝሙር ያሰማል። የኔን ሥራ ግን አይችልም» አለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ማንን ልቆጣ? ሻጩን ተቆጣሁ፣ ጋሼን ተቆጣሁ፣ ያን የሚዞረውን ነገር ተቆጣሁ። በጌታ ላይ አልተቆጣሁም፤ ለጸሎት ስንበረከክ ግን ምን እንደምለው ጠፋኝ። ጠዋት በሕዝብ ፊት ያመሰገንኩበትን ማታ ምን ብዬ አነሣዋለሁ? በየመንገዱ ሰው እጄን ይይዛል። «እግዚአብሔር እንዴት ያለ ነገር አደረገላችሁ!» ይለኛል። «አዎ» እላለሁ። አዎ ባልኩ ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ።

ሰኞ ከክፍል ስወጣ ብቻዬን ወደ ሱቁ ሄድኩ።

«ልጄ፣ ይህ ኮምፒውተር ሥራዋን አልቻለላትም።»

«ማዘር፣ ትልቅ አላችሁ፤ ትልቅ ሰጠሁ።»

«ባትሪውም አይሠራም።»

«ስለ ባትሪ አልጠየቃችሁማ።»

«እኛ ምን እናውቃለን? የምታውቀው አንተ ነህ።»

«ልጅቷ ታውቃለች። ዝም አለች።» ማስቲካውን ከወዲያ ጉንጩ ወደዚህ አዞረው። «ደግሞ ማዘር፣ ተጸልዮበት የለ እንዴ? እናቴ እዚያ ነበረች፤ አይታለች። የተጸለየበትን ዕቃ እንዴት ይመልሳሉ?»

ለነገር የማልቸኩለው በተፈጥሮዬ ነው፤ ያን ቀን ግን ቃሉ ቢመጣልኝ እናገር ነበር። አልመጣም።

«የመረጡት ፋዘር ናቸው። ፋዘር ይምጡና እንነጋገራለን» አለና ወደ ሌላ ገዢ ዞረ።

ለጋሼ መደወል ነበረብኝ። በዚያን ጊዜ ወደ እሳቸው አገር ስልክ የሚሰማው ሰው ኮረብታ ላይ ከወጣ ነው።

«ጋሼ፣ ይሰማል?»

«ተሰረቀ?»

«አልተሰረቀም።»

«ተሰበረ እንዴ?»

«አልተሰበረም፣ ግን…»

«እንግዲያ ሰላም ነው! ጌታ ይመስገን!» አሉ፤ መስመሩ ተቋረጠ።

ሦስቴ ሞክሬ ባገኛቸው ጊዜ «ይምጡ» ብቻ አልኩ። በስልክ የሚነገር አልነበረም። ልጄ ሐሙስ ጠዋት መሳፈር አለባት።

በማግስቱ በአይሱዙ ተጭነው፣ አቧራ ለብሰው መጡ። በእጃቸው አንድ ቅል ቅቤ ይዘዋል፤ ለልጅቷ መንገድ ነው። ያዘጋጀሁት ንግግር ቅሉን ሳይ ጠፋ። ውሃ ሰጠኋቸው። እየጠጡ ሃላሌ ገበያ ላይ ስለ ኮምፒውተሩ ለማን ለማን እንደነገሩ ያወሩልኝ ጀመር። ሰው ሁሉ መርቋቸዋል። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም ክብደቱ ስንት ኪሎ እንደሆነ ጠይቋቸዋል።

ልጄ ጥግ ላይ ቆማ እግሯን ታያለች። ከዚያ በላይ መታገሥ አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ ለቅርጫ በሬ ሲገዙ ቆሞ ሳለ ይገዛሉ?»

«ምን በወጣኝ? አስኬደዋለሁ እንጂ። አንካሳ ቢሆንስ?»

«እኛ ይህን ሳናስኬደው ገዛነው።»

ጣሳውን ከአፋቸው አነሡ። ኮምፒውተሩን አዩ፣ እኔን አዩ።

«አንካሳ ነው?»

«አንካሳ ነው።»

ልጄ አብርታ አሳየቻቸው። ክቡ ዞረ። ጋሼ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። ሲሄድ የማይደርስ ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ መማር አያስፈልግም።

«አንቺ ታውቂ ነበር?» አሏት።

«ጠርጥሬ ነበር፣ አባባ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

ከእሷ ቀድሜ እኔ መለስኩ። «በሬው የእርስዎ ነበር።»

ተነሥተው ወደ ጓሮ ወጡ። እንሰቱ ሥር ቆመው ሲያስሉ እሰማለሁ። ተቀይመዋል አልኩ። በሬያቸውን ሰጥተው በዚህ ላይ ስድብ የተቀበሉ መስሏቸው ይሆናል። ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሯል።

«ጉባኤ ፊት ቆሜበታለሁ» አሉ።

«እኔም ቆሜበታለሁ፣ ጋሼ።»

ከዘራቸውን አነሡ። «ተነሡ። ይዛችሁት ኑ።»

ሱቁ ስንደርስ ኮምፒውተሩን መስታወቱ ላይ አስቀመጡት።

«ይህ አንካሳ ነው።»

«ፋዘር፣ እርስዎ ራስዎ ነዎት እኮ የመረጡት።»

«እኔ ነኝ። እኔ ቀንዱን አየሁ። አንተ ግን ማነከሱን እያወቅህ ገመዱን አስያዝከኝ። በእኛ ገበያ እንዲህ ያደረገ ሰው ሁለተኛ ከብት አይሸጥም።»

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ ፋዘር። ተጽፏል፣ ይኸው ግድግዳው ላይ።»

ጋሼ ግድግዳውን አላዩም። በሩ አጠገብ የነበረችውን በርጩማ ስበው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ተቀመጡ። አንድ ጎልማሳ ሞባይል ሊገዛ ገባ። «ልጄ፣ ሳታስኬደው እንዳትገዛ» አሉት። ሰውየው ሻጩን አየና «ቆይ እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ። ሁለት ልጃገረዶች መጡ። «ልጆቼ፣ መጀመሪያ አስኬዱት።» እየተሳሳቁ ወጡ። ሻጩ ማስቲካውን ተፋ።

«እሺ በቃ ፋዘር! ምን ትፈልጋላችሁ?»

ጋሼ በከዘራቸው ልጄን አመለከቱ። «እሷን ጠይቅ።»

ልጄ እኔን አላየችም። ቀጥ ብላ ሄዳ ጥቁሩን፣ የተቧጨረውን አነሣች። ራሙን ጠየቀች፣ ሌላም ሌላም እኔ የማላውቀውን ጠየቀች። ሻጩ አሁን በቁም ነገር ይመልስላት ነበር።

ጋሼ አልቻሉም። «ይሄን? ጥርሱ የተበላውን?»

«ይሄን ነው፣ አባባ።»

ሶኬቱ ላይ ሰክቶ ካበራው በኋላ እንዲነቅለው አዘዘችው። ነቀለው፤ ኮምፒውተሩ እንደበራ ቀረ። ፍላሿን ሰክታ ፕሮግራሙን ጫነች፣ ንድፏን ከፈተች። ክቡ ትንሽ ዞረ። ከዚያ ሙሉ ሕንፃ ከነጣሪያው፣ ከነመስኮቱ ብቅ አለ። በጣቷ ነካ ስታደርገው ሕንፃው ጎኑን ሰጠ፣ ደግሞ ጀርባውን።

ጋሼ ከበርጩማው ተነሡ። «ይህ ቤት የማን ነው?»

«የኔ ነው። ጤና ጣቢያ ነው።»

«እስቲ መልሰሽ አዙሪው።»

አዞረችው። «ሎኦ» አሉ፤ በቋንቋችን መልካም ነው ማለት ነው። ከዚያ እንደገና ጥቁሩን ዕቃ ከዳር እስከ ዳር አይተው ቃተቱ። «ግን ጥጃ ነው። በሬ ሰጥቼ ጥጃ ወሰድኩ።»

ሻጩ የዋጋውን ልዩነት አልመለሰም። ቦርሳና ማውስ ጨመረልንና ጨረስኩ አለ። ተናደድኩ። ግን ልጄ ቦርሳውን በትከሻዋ አንግታ ቆማ ነበር፤ ተውኩት። ሐሙስ ጠዋት ቅቤውንና ጥቁሩን ዕቃ ይዛ ሄደች።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ገና ደጃፉ ላይ «ያ ትልቁ ኮምፒውተር እንዴት ነው?» አለችኝ አንዷ። ጸጥ ብዬ መቀመጥ እችል ነበር። ግን ምስጋናዬ ውሸት ሆኖ እዚያ ጠረጴዛ ላይ እንዲቀር አልፈለግኩም። የምስክርነት ጊዜ ሲመጣ ተነሣሁ። «ያመሰገንኩበት ዕቃ ስላልሠራ ተመልሷል። ምስጋናዬን ግን አልመለስኩም» ብዬ ተቀመጥኩ። ጥቂቶች አሜን አሉ። ከኋላዬ የተቀመጠች እናት ግን «ተጸልዮበት ነበር እኮ» ስትል ሰማኋት። ዞሬ ልመልስላት ፈልጌ መዝሙሩ ተጀመረ።

ጋሼ ኮረብታቸው ላይ እየወጡ ይደውሉ ነበር። ስለ ጤናዬ አይጠይቁም። «ጥጃው እንዴት ነው? ይበላል?» ይላሉ። «ይበላል» እላለሁ። ልጄ በሰኔ ከጓደኞቿ ጋር ጥቁር ጋውን ለበሰች። ደወልኩላቸውና ነገርኳቸው። መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ ጌታን ሲያመሰግኑ ሰማሁ።

መስቀል ሲደርስ ወደ አገራቸው ሄድን። በዚያ ዓመት በግቢያቸው የታሰረ በሬ አልነበረም፤ ከጎረቤት ቅርጫ ትንሽ መደብ ነበር የገቡት። ስለዚህ ነገር አንድም ቃል አላወጡም። ማታ ቤቱ በሰው ሞላ። ልጄን ኮምፒውተሩን እንድታመጣ አዘዟት። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ጤና ጣቢያው ሲዞር አዩ፣ ተገረሙ።

ጋሼ ደረታቸውን ነፍተው «ሲገዛ ጥጃ ነበር። ዓይኔ አይስትም፤ እኔ ነኝ የመረጥኩት» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ንዴት መጣብኝ። ዋጥኩት፤ በሬ የሌለበትን ጓሮ ቀን አይቼዋለሁና።

ልጄ የሥጋውን ሳህን ይዛ ቆማ ነበር።

«አባባ፣ የመረጥኩት እኔ ነኝ» አለች።

ጋሼ ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔ እንዳስተማርኳት የገመቱ ይመስለኛል። አላስተማርኳትም።

«ልክ ነሽ» አሉ በመጨረሻ። «በሬው ግን የኔ ነበር።»

«በሬውማ የእርስዎ ነበር።»

ቢላቸውን አነሡ። ከራሳቸው ድርሻ ሻኛውን ቆርጠው የቃሪያ ዳጣ አስነኩና በእጃቸው አጎረሷት። አፏ ሞልቶ ስለነበር ወዲያው ማመስገን አልቻለችም።